የጋሽ ቶሎሳ ልዕልት

ትናንት ልጄ እንደገና የተሠራ አንድ የድሮ ፊልም በስልኳ ከፍታ ሰይፍ የጨበጠችውን ልዕልት አሳየችኝና፣ «እማዬ፣ በድሮው ፊልም እኮ ሥራዋ መጮህ ብቻ ነበር» አለችኝ። ደሜ ፈላና ያየሁትን ነገርኳት።

የድሮውን ያየሁት በልጅነቴ፣ አሰላ ቪዲዮ ቤት ነው። ዝናብ የመታው ጋቢ ሽታ ቤቱን ሞልቶት፣ በወንዶች መሀል ብቸኛዋ ሴት ልጅ እኔ ነበርኩ። ባለቤቱ ጋሽ ቶሎሳ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው፣ በከዘራቸው እየጠቆሙ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ያስረዱን ነበር። ልዕልቷ የመርከቡ ምሰሶ ላይ ታስራ የባሕር ዘንዶ ሲመጣባት ጮኸች። ጋሽ ቶሎሳ ወደ እኔ አየት አደረጉና፣ «‹ፍቱኝና ሰይፉን አቀብሉኝ፣ እኔው እገጥመዋለሁ› ነው የምትለው» አሉ።

ከኋላዬ አንዱ፣ «ኧረ ጋሼ፣ እየጮኸች እኮ ነው! ሴት ደግሞ ምን ሰይፍ ታውቃለች? ይቺንም ያስወጡልን» አለ።

«ጨል ጄዲ! ዝም በል! እኔ ቤት ሰይፍ ትይዛለች። ያልተዋጠለት በሩ ያውና!» አሉት።

የወጣ የለም። እኔም ንቅንቅ አላልኩም።

ልጄ ግን አላመነችኝም። የድሮውን ፊልም ፈልጋ ከፈተችው። ልዕልቷ ታስራ ትጮኻለች። «አየሽ?» አለችኝ።

«ድምፁን ዝጊውና እኔን ስሚ» አልኳት፤ ተነስቼም ስልኩ አጠገብ ቆምኩ።