የደጀኔ ግራ እጅ

ሰኞ ዕለት ደጀኔ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ተወልኝ። «ልጄን ቅዳሜ እድራለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ኢስት ዮርክ አዳራሹ ጋ ና። ቤዝህንና ያቺን ሳጥን ይዘህ።» መልእክቱን ደጋግሜ ሰማሁት። እኔ ወተት ስገዛ ቀኑን አንብቤ፣ ቤት ስደርስ ደግሞ አሽትቼ የምጠጣ ሰው ነኝ። ደጀኔ «ስድስት ሰዓት» ሲለኝማ ማሽተት ብቻ አይበቃኝም።

ሳጥኗን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣኋት። መዳፍ የምታህል ብረት ናት፤ ፕሪአምፕ ፔዳል ይሏታል። ቤዝ ጊታሩ በአንድ በኩል ይገባባታል፤ በሌላው በኩል ድምፁ ጠርቶ የሁሉንም ድምፅ ወደሚያቀላቅለው ሚክሰር ይወጣል። አናቷ ላይ በተርታ የተደረደሩ፣ እንደ ሰዓት ዘንግ የሚዞር ጭረት ያለባቸው ማዞሪያዎች አሏት። እኔንና ደጀኔን ያቀያየሙን እነሱ ናቸው።

ያኔ ቶሮንቶ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሪጀንት ፓርክ እኖራለሁ፤ አዘቦት ቀን ዳቦ ቤት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ዳንፎርዝ ላይ ባለ ምግብ ቤት ከደጀኔ ባንድ ጋር ቤዝ እጫወታለሁ። ደጀኔ ኪቦርዱን ይዟል፣ ሚክሰሩም በእሱ እጅ ነው፤ ራሔል ትዘፍናለች፤ ድራሙን ማሽን ይመታዋል። ልብ በሉ፣ ድራመሩን ማሽን ተክቶታል። በዚያ ዘመን ቤዝ ተጫዋቹን ደግሞ የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ ይተካው ነበር። ስንቱ ጓደኛዬ በሰው ግራ እጅ ከእንጀራው ተፈናቅሏል። ስለዚህ ዓይኔ ከደጀኔ ግራ እጅ አይነቀልም ነበር።

በዚያ ላይ አምፕሊፋየሬ አሮጌና ከባድ ነበር። በጥር ብርድ፣ በረዶው በጨው ቀልጦ ጫማ በሚበላበት መንገድ እየጎተትኩ ስትሪትካር የሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ስጭነው ሰው ተነሥቶ ቦታ ይለቅ ነበር፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። ድምፁም ጉርምርምታ ብቻ ነው። ራሔል «ቤዙ ጭቃ ነው» እያለች ፊቷን ታጨማድዳለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት የክርስትና ድግስ ልንጫወት ስንዘጋጅ ደጀኔ ሳጥኗን ከኮቱ ኪስ አወጣ።

«ከዚህ ሬሳ ሣጥን ተገላገል» አለኝ፣ አምፑን በእግሩ ነካ እያደረገ። «በዚች በኩል ዳይሬክት ሚክሰሩ ውስጥ ትገባለህ። ክሊን ነው ድምፁ።»

«ከዚያስ ድምፄን ማን ይቆጣጠረዋል?»

«እኔ ነኛ።»

አንተ ነህ እንግዲህ፣ አልኩ በሆዴ።

«ማዞሪያዎቹን በሙሉ ስድስት ሰዓት ላይ አድርጋቸው» ብሎኝ ወደ ኪቦርዱ ሄደ።

እንዳለኝ አደረግኩ። እንግዶቹ ዶሮ ወጡን ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ጀመርን። ክሩን እመታለሁ፤ ክሩ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የለም። ቀና ስል ደጀኔ ጣቱን ወደ ጣሪያው ይቀስራል። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። አቤቱታህን ለፈጣሪ ያለኝ መሰለኝ። ከዚያ ያቺ ግራ እጁ ወረደችና የእኔን ቤዝ መጫወት ጀመረች። ድምፁም ጥርት ያለ ነበር። ሰው ትከሻውን ይሰብቃል፣ የሕፃኑ እናት ሳትቀር ታጨበጭባለች፤ የጎደለ ነገር መኖሩን ያስተዋለ አንድም ሰው የለም። ድግሱ እስኪያልቅ ድምፅ በሌለው ጊታር ላይ ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ ዋልኩ። እንደዚያን ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀረጻ ነበረን፤ ኤግሊንተን ዌስት፣ ከጃማይካ ምግብ ቤት ሥር ባለ ምድር ቤት። የሚጠበሰው ዶሮ ቅመም በደረጃው እየወረደ ያስነጥሰን ነበር። ካሴቱ ሲወጣ ሰው የሚሰማው የደጀኔን ግራ እጅ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ባንዱ እኔን ምን ያደርገኛል? እዚያው ሰው ፊት ላጋልጠው ቆርጬ ሄድኩ።

ድምፅ ቀራጩ ሽማግሌ ጃማይካዊ ነበር። ቤዜን በሳጥኗ በኩል ከመቅረጫው ጋር አገናኘና ጎንበስ ብሎ አይቶ ሳቀ። ማዞሪያዎቹን ማን እንዲህ ወደ ታች እንዳስተኛቸው በእንግሊዝኛው ጠየቀ። «ትዌልቭ ኦክሎክ!» አለና አንድ በአንድ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆማቸው።

ወደ ደጀኔ ዞርኩ። «ስድስት ሰዓት አላልከኝም?»

«ብዬሃለሁ። ስድስት ሰዓት ቀትር አይደል? ቀትር ላይ ሰዓትህ ወዴት ነው የሚያመለክተው?»

የግራ እጄን ዘረጋሁለት። ከአባቴ የወረስኩት ሰዓት ቶሮንቶም መጥቶ በአገር ቤት አቆጣጠር ነበር የሚሄደው፤ ቀትር ላይ አጭሩ ዘንግ ወደ ታች፣ ስድስት ቁጥር ላይ ያርፋል። ማዞሪያዎቹንም ያነበብኳቸው እንደዚያ ሰዓት ነው። እምቢ እስኪሉኝ ወደ ታች አዙሬ ድምፄን በገዛ እጄ ዘግቼው ነበር።

ደጀኔ አልሳቀም። ዘፈኑ ሲጀመር ግራ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና በቀኙ ብቻ ተጫወተ። መልሰን ስንሰማው ቤዙ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቷል፤ ጣቴ ክሩ ላይ ሲፋተግ ሳይቀር ይሰማል። የእኔ መሆኑን ማንም ሊክደኝ አይችልም። ከደስታዬ ብዛት እንባ እንባ አለኝ።

እኔ ግን አመሌን አልተውኩም። ደጀኔ እኮ ያኔ እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሯል። ለልምምድ ሲቀጥረን እንኳ በፈረንጅ ሰዓት እንጂ በሐበሻ ቀጥሮን አያውቅም። ያን ቀን ብቻ ለምን በሐበሻ ቆጠረልኝ? አዲስ መጤ ነው ብሎ አዝኖልኝ? ወይስ እንደምሳሳት ገብቶት? ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሰርግ አብረን ተጫውተናል፤ ይቺን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ትናንት መልሼ ደወልኩለት።

«ስድስት ሰዓት ያልከው በማን ነው? በፈረንጅ ወይስ በሐበሻ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም እዚያችው ሰዓት ጋ ነህ?» ብሎ ሳቀ።

«ደግሞስ እኔን ለምን ፈለግከኝ? ግራ እጅ አለህ አይደል?»

ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋ ሰማሁ።

«ልጄ ‹አባዬ፣ አንድ ዘፈን ራስህ ካልተጫወትክልኝ› ብላለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «ካመመኝ ወዲህ ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ናት። ዶክተሩ ኢምፕሩቭ ታደርጋለች ይላል፤ እኔን ግን አልታዘዝ ብላኛለች። ልጅቷ የዳንኩ መስሏታል። ታችኛውን ድምፅ አንተ ከያዝክልኝ ማንም ልብ አይልም።»

«እመጣለሁ» ብቻ አልኩት። በማን ሰዓት እንደሆነ ሳይነግረኝ ስልኩ ተዘጋ፤ መልሼም አልደወልኩለትም።

ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አቧራዋን ጠረግኩና ማዞሪያዎቹን ወደ ላይ አቆምኳቸው። ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ አዳራሹ በር ላይ ነኝ፤ ስድስት ሰዓት የማንም ይሁን።