ያለ በረዶ የገባች አንዲት ጎል

ነገሌ አንድ የግል ኮሌጅ በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ነርሲንግ የምትማረው፣ ስልኳን ይዛ መጣች። ስልኩ ውስጥ ሴቶች ጫማቸው ሥር ስለት አስረው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በቆልማማ ዱላ አንድ ጥቁር ነገር ያሳድዳሉ።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ ዱላ ይሠሩልናል?»

«ይሄማ ደገኞች ገና የሚሉት ጨዋታ ነው» አልኳት።

«ገና አይደለም፣ ሆኪ ነው። የሴቶች ቡድን ልናቋቁም ነው።»

«በረዶውስ?»

«በረዶው ይቀራል።»

«እዚህ አገር በረዶ ያለው ለስላሳ ሻጩ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነው። እሱም መብራት ካለ።»

«ይቀራል አልኩዎት እኮ!»

እምቢ አልኩ። እኔ እምቢ ካልኩ ሦስት ቀን እቆያለሁ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎቻችን በትር ከሚያበጁበት ከሀሮሬሳ እንጨት ለስድስት ተጫዋች ስድስት፣ ለመጠባበቂያ አንድ ዱላ ቆረጥኩ፤ ጫፉን እሳት ላይ እያሞቅሁ ቆለመምኩት። የሚመታውን ነገር በረባሶ ሰፊው ከመኪና ጎማ ክብ አድርጎ ቆረጠላቸው። ልጅቷም አምበል ሆነች።

ኮሌጁ ተልተሌ፣ ዱብሉቅና ሜጋም ቅርንጫፍ ነበረውና የዚያ ሴቶችም ሰምተው ቡድን አቋቋሙ። ዲኑ «ዱላ የያዙ ሴቶች ያለ ጠባቂ አይሄዱም» ብሎ እኔን አብሬያቸው ላከኝ። ማንን ከማን እንደምጠብቅ ግን አልነገረኝም።

ተልተሌ ሄደን ዘጠኝ ለዜሮ ተሸነፍን። የዱብሉቆቹ እኛ ዘንድ መጥተው ስምንት ለዜሮ አሸነፉን። የእኛዎቹ ስድስቱም፣ በረኛዋ ሳትቀር፣ ጎማዋን ከበው ጨው እንዳየ ፍየል ይጋፋሉ።

ዲኑ ሰበሰባቸው። «አሸንፉ አላልኩም። ሜጋ ላይ አንድ ጎል አግቡ። አንድ! ካልሆነ ቡድኑ ፈርሷል፤ ዱላውም ለችግኝ አጥር ይሆናል።»

አምበሏ በሩ ጋ መጥታ አለቀሰች። «እናቴ ሳትቀር ‹በዱላሽ ምን አመጣሽ?› እያለች ትስቅብኛለች። ከፈረሰማ ምን ልትለኝ ነው!»

«አታልቅሺ ኢንታላ ኮ» አልኳት። ልጄ ማለቴ ነው። ለሷም አዘንኩ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያበሳጨኝ አጥሩ ነው። ያን ያህል የለፋሁበትን ዱላ ለችግኝ?

በጎረምሳነቴ ዱብሉቅ ኤላ ላይ ውኃ ቀድቻለሁ። ኤላ ለከብት ውኃ የሚቀዳበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ወንዶች ከታች እስከ ላይ በየደረጃው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ሙሉውን ባልዲ ወደ ላይ፣ ባዶውን ወደ ታች ይቀባበላሉ። ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። የሚሄደው ባልዲው እንጂ ሰው አይደለም።

እንግዲህ ልጆቹን የኮሌጁ ደረጃ ላይ ደርድሬ ይህንኑ አስተማርኳቸው፤ መጀመሪያ በጀሪካን ቁራጭ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ በዱላው። የከብቱን ዘፈን ላስተምራቸው ብል የከተማ ልጆች ናቸው፤ ላም የሚያውቁት በኪሎ ነው። ፈተናም ደርሶባቸው ስለነበር በመድኃኒት ስም ዘፈኑ። «አሞክሳሲሊን» ሲሉ ወደ ላይ፣ «ፓራሲታሞል» ሲሉ ወደ ታች።

ሜጋ ደረስን። የዚያ ዘበኛ በሩ ላይ በሰላምታ ተቀበለኝ።

«አካም? ናጋ?»

«ናጋ።»

«አንቱ፣ እነዚህ ዱላ ይዘው ማንን ሊደበድቡ ነው?»

«እስካሁን የተደበደብነው እኛ ነን።»

ጨዋታው ተጀመረ። አሞክሳሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፤ ጎማዋ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚሄድ ባልዲ ሽቅብ ወጣች። የሜጋ በረኛ አቧራው አንሸራቷት ወደቀች። ጎሉ ባዶ ነው። አምበላችን ብቻዋን ፊቱ ቆማለች።

«ፓራሲታሞል!» ብላ ጎማዋን ወደ ኋላ መለሰቻት።

ጎማዋ በየተራ ወርዳ የራሳችን በረኛ ዘንድ ደረሰች። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። «ነርሶች፣ ጎሉ በዚህ ነው!» እያለ ሕዝቡ ሆዱን ያዘ። እረፍት ሲወጡ አምስት ለዜሮ ነበር።

«ምነው አትመቺውም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩን! ላይ ሲደርስ ይመለሳል አላሉም?»

«ውኃው ከተደፋ በኋላ ነዋ!»

«መድፋት መቼ አስተማሩን?»

ለካ እኔ ዕድሜዬን መካከለኛው ደረጃ ላይ ነው የቆምኩት። ላይ ገንዳው ዘንድ የሚደፋው ሌላ ነበር። ቢሆንም «አልተሳሳትኩም፣ ግማሹን ነው ያስተማርኳችሁ» አልኳት።

ከእረፍት መልስ ሄጄ ከሜጋ ጎል ጀርባ ተቀመጥኩ። «ይሄ ጎል ገንዳ ነው! እኔ የተጠማች ላም ነኝ! ወደ ላሟ ድፊ!» አልኳት። እንዳይጠፋት ብዬ በጉልበቴ ተንበርክኬ «እምቧ!» አልኩ።

አሞክሳሲሊን፣ አሞክሳሲሊን እያለች ጎማዋ መጣች። አምበሏ እኔን አይታ በሳቅ ዱላዋ ይንቀጠቀጣል።

«እምቧ!» አልኩ በሙሉ ጉሮሮዬ።

የሜጋ በረኛ ምን ከብት ነው ብላ ዞረች። አምበሏ ደፋችው። ገባ!

ሜጋዎች አቤት አሉ። ዳኛው የስፖርት መምህር ነበር፤ ትንሽ አሰበና «ላሟ ከመስመር ውጪ ስለነበረች ጎሉ ይጸናል» ብሎ ፈረደ።

ስምንት ለአንድ ተሸነፍን። እንደዚያ ቀን የጨፈረ ተሸናፊ አላየሁም። ጨዋታውን ሊያይ ተከትሎን የነበረው ዲኑ በሳቅ ያነባ ዓይኑን እየጠረገ መጣ።

«አንቱ፣ አሁን ይሄ ጎል ነው?»

«አንድ አልክ፣ አንድ ገባ። ዱላዬን አጥር አታደርጋትም።»

አላደረጋትም። ቡድኑም አልፈረሰ፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየዓመቱ አዲስ ዱላ እቆርጥላቸው ነበር።

አምበሏ ዛሬ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ያን ቀን የተንበረከኩበት ጉልበቴ ሲያመኝ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። በሽተኛው ሁሉ ተሰልፎ እየሰማ ከበሩ ብቅ ትልና «ቀጣይ! ላሟ ትግባ!» ትላለች። ሰዉ ዞር ዞር ብሎ ላሟን ይፈልጋል።

ገብቼ እቀመጣለሁ። ክኒኑን መዳፌ ላይ ታስቀምጥና «ፓራሲታሞል ነው አባባ» ትለኛለች፣ «ወደ የት እንደሚሄድ ያውቃሉ።»