ሚጣ በመዳብ ሚዛን ላይ

ሰፈሩ የሚያውቃት በስሟ ሳይሆን በሥራዋ ነው፤ «ሚዛኗ» ይሏታል። አሮጌ ብረት፣ ቁርጥራጭ ሽቦና ፕላስቲክ ጠርሙስ ገዝቶ ለፋብሪካ በሚሸጥ መጋዘን ውስጥ፣ ከበሩ ገባ ብሎ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ቆማ መዳብና ነሐስ የምትመዝን እሷ ናት። ትልልቁን ብረት ወንዶቹ በመሬቱ ሚዛን ይመዝኑታል። የእሷ ሚዛን ግን ከላይ ሰፊ ሳህን ያለው፣ ፊቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ የሆነ፣ መርፌው ቀይ የሆነ ነው። ጠዋት ጠዋት ሳህኑን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፣ ጎንበስ ብላ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን ታያለች፣ ከዚያ ቀና ብላ «እሺ፣ ተራ ያዙ» ትላለች። በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

ከሻጮቹ መሃል ከየጥራጊው ሽቦ እየለቀሙ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። በመጡ ቁጥር ያቺኑ ነገር ያነሳሉ፦ ቤት በእጃቸው ሲያነሱት ይከብድ የነበረው መዳብ እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚነካው አይገባቸውም። ሚዛኗ ትስቅባቸዋለች። ክፋት አይደለም፣ እንዲያው በሥራዋ ስለምትተማመን ነው። «እማማ፣ የሚሳሳተው እጅዎ ነው፤ ይሄ ሚዛን ልክ ነው፣ እናቴ ትሙት!» ትላቸዋለች። አሮጊቷም ከማለችላቸው ወዲያ ምን ይላሉ? የሰጧቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ይቺ ሴት ነች ስንት ዓመት ጠብቃ የወለደችው። ሴት ልጅ። ስም እስኪወጣላት ድረስ አባቷ «ሚጣ» አላት፤ ሁሉም ተከተለው። አባትየው ቀለም ቀቢ ነው፣ ፀጉሩ ላይ ሁልጊዜ አንድ የቀለም ነጠብጣብ አይጠፋም፤ ልጁን ባየ ቁጥር መሳቅና ማልቀስ እየተምታታበት አፍንጫውን ያሻል። ሚጣ ስትወለድ ሦስት ኪሎ ሞልታ ትንሽ ተርፋለች። ሚዛኗ ምጡ ገና ሳይለቃት ቀና ብላ የአዋላጇን ሚዛን መርፌ ራሷ ነው ያነበበችው፤ አዋላጇ እንኳ ስቃባታለች።

ደስታው ግን አልቆየም። ከቀናት በኋላ ጤና ጣቢያ ሲመዝኗት ሚጣ ቀንሳለች። ልትጨምር ሲገባ ቀነሰች! እናትየው ክው አለች። ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳቻት፦ ጨቅላ ሁሉ ሲወለድ ይዞት የመጣውን ውሃ ያወጣል፣ መጀመሪያ ትንሽ ይቀንሳል፣ ኋላ ይመልሰዋል፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው፤ ከዚህ በጣም ከወረደች ግን ሳትውል ሳታድር ታምጣት። ሚዛኗ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። «ከወረደች» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ።

ቤት ስትገባ ደግሞ ምክሩ ጎርፍ ሆነባት። አማቷ እንገሩ ታልቦ መደፋት ነበረበት አሉ፤ ነርሷ ግን ለልጅ ከእንገር የሚበልጥ ነገር የለም ብላ ነበር። ጎረቤቷ የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም አለች፤ ነርሷ ካልነቃች ቀስቅሺያት ብላለች። አንዷ ሁለቱንም ጡት ስጫት ትላለች፣ ሌላዋ አንዱን ጨርሰሽ ነው እንጂ ትላለች። ባልየው ሲጠየቅ «ሁሉም ልክ ናቸው» ይላል፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ይሄ ምን የሚሉት መልስ ነው? የጡቷ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ሚጣ ስትጎርሰው እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ልጅቷ ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ እንደገና ታለቅሳለች። ጠግባ ይሁን ደክሟት የተኛችው፣ ርቧት ይሁን ሆዷን ቆርጧት የምታለቅሰው፣ ማን ይንገራት? ጡት እንደሆነ ምን ያህል እንደወጣ አያሳይ። ሚዛኗ ዕድሜዋን ሙሉ ያላየችውን ነገር ገምታ አታውቅም። ዞረባት።

በመጨረሻ ባሏን ጠርታ መጋዘን ሄዶ የእሷን የመዳብ ሚዛን ለጥቂት ቀን እንዲለምንላት ላከችው። የመጋዘኑ ባለቤት ደግ ሰው ናቸው፤ ምጥ የያዛት ቀን በራሳቸው መኪና ጤና ጣቢያ ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ባልየው እንደተረከው፣ ጋሼ መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ሚዛን የለውም ወይ አሉ። ቀጥለው አዲስ ልግዛላት አሉ። «አይ፣ የለመደችውን ነው የምትፈልገው፣ ከሱ ሌላ አታምንም» ሲላቸው እያመነቱ ሚዛኑን ራሳቸው ጠርገው አስታቀፉት። ባልየው ይሄን ሲያወራ እየሳቀ ነው፤ ጋሼ ለአንድ ሚዛን እንዲህ ይሳሳሉ ብሎ አላሰበም ነበር።

ሚዛኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሳህኑ ላይ ፎጣ አነጠፈች፣ መርፌውን ዜሮ ላይ መለሰች፣ የሚጣን ልብስ አውልቃ አስተኛቻት። መርፌው ተወዛወዘና ቆመ። ሚዛኗ ዓይኗን አላመነችም። ልጅቷን አነሳች፣ ዜሮውን አየች፣ እንደገና አስተኛቻት። ያው ነው። ጤና ጣቢያ ካየችው በጣም ወርዷል፤ ነርሷ «ከወረደች» ካለችው ከዚያ በታች ነው። ቆሌዋ ተገፈፈ።

ያን ቀን ሚጣን ስንቴ እንደመዘነቻት እሷም አታውቀው። ሳታጠባት፣ አጥብታት፣ ሽንት ጨርቋን ቀይራ። ልጅቷ ስትንፈራገጥ መርፌው ከፍ ዝቅ ይላል፣ የእናትየውም ልብ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ባልየው ተይ ልጅቷ ይበርዳታል ቢላት እንደ ጠላት አየችው። አማቷ ደግሞ ወጥተው አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተትና ጡጦ ይዘው ገቡና ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጡት። ክፉ ሴት አይደሉም፣ የልጅ ልጃቸው ልታልቅ ነው ብለው ፈርተው ነው።

በነጋታው ማለዳ ሚጣን አቅፋ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ነርሷ መዘነቻትና ፈገግ አለች፤ ሚጣ እንኳን ልትወርድ ከባለፈው ትንሽ ጨምራለች። ሚዛኗ ግን በዚህ ልትደሰት አልቻለችም። እንዴት ሆኖ? ትናንት በገዛ ዓይኗ አይታለች! የነርሷ ሚዛን ተበላሽቷል አለች፤ እሷ በሥራዋ እንደምታውቅ፣ የሷ ሚዛን በየማለዳው ዜሮው እንደሚታይ፣ ይሄኛው ግን መቼ እንደታየ እግዜር ይወቀው ብላ ተከራከረች። ነርሷ አልተቆጣችም። ስታጠባ ልያት ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ሚጣ የምትጎርሰው ጫፉን ብቻ እንደሆነ አየችና አፏን በደንብ አስከፍታ አስጠግታ አስያዘቻት። ያን ጊዜ ሕመሙ ረገብ አለ። «ስሚ፣ ስትውጥ ይሰማሻል?» አለቻት። ይሰማል፤ ጉልጭ፣ ጉልጭ። ሽንት ጨርቋ ቶሎ ቶሎ ይረጥባል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ይረጥባል። እንግዲያስ ደህና ናት፣ ጡጦ አያስፈልጋትም፣ ሂጂና አጥቢ ብላ ሸኘቻት።

ሚዛኗ መንገዱን ሁሉ ያንን ጉልጭታ እያሰበች ሄደች። ልቧ ሊያምን ፈልጎ ነበር። ቤት እንደገባች ግን ገና ነጠላዋን ሳታወርድ ሚጣን ሳህኑ ላይ አስተኛቻት። መርፌው እንደገና ታች ወረደ። አንዲት ልጅ፣ ሁለት ሚዛን፤ አንዱ አድጋለች ይላል፣ አንዱ እያለቀች ነው ይላል። ማንን ትመን? ያቺን ሁለት ጊዜ ያየቻትን ነርስ ወይስ ስንት ዓመት እንጀራዋ የሆነውን ሚዛን? አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ለሚዛኗ ፈረደች። ባሏን «ሂድና ለጋሼ ንገራቸው፤ ሚዛኑን ቶሎ አልመልስም፣ ልጄ እያለቀችብኝ ነው፣ ወተቴ አልበቃትም፣ ጡጦ ልጀምርላት ነው በላቸው» አለችው። አማቷም ውሃ ሊያፈሉ ተነሱ።

ውሃው ፈልቶ እስኪበርድ ሲጠበቅ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ ቀለም ቀቢው ከኋላቸው እያለከለከ ነው፣ ምን እንደሆኑ እሱም አልገባውም። ቁጭ ይበሉ ቢባሉ እምቢ አሉ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ፣ ሚዛኑን ያያሉ፣ ሚጣን ያያሉ፣ ጡጦውን ያያሉ። ሚዛኗ እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ያንን ጡጦ ተዪው። ልጅሽ አልቀነሰችም። ይሄ ሚዛን የመግዣ ነው።»

«የመግዣ ማለት?»

«እንዲያንስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ውስጡ ያለውን ጥምዝምዝ ሽቦ አስጠንክሬዋለሁ። ባዶውን ዜሮ ይላል፤ ነገር ሲጫንበት ግን ከእያንዳንዱ ኪሎ እፍኝ ያህል ይበላል። የምሸጥበት ሌላ ነው፣ እኔ ጋ ነው ያለው።»

አማቷ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡት። ሚዛኗ መጀመሪያ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጇ ደህና ናት። ወተቷ በቅቷታል። ነርሷ እውነቷን ነው። ሳቅ አመለጣት፣ ሚጣን ከአልጋው ላይ አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ነርሷ እንዳሳየቻት አፏን በደንብ አስከፍታ አስያዘቻት። ሚጣም ያዘች።

ሳቋ ሳያልቅ ሁለተኛው ነገር መጣ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ አንቺ ከመቀጠርሽ በፊት ነው አሉ። አንቺማ ባታውቂ ይሻላል ብዬ ነው፣ ስትምይላቸው ሰው ያምንሻል፣ አሉ። ይሄን ሲሉ ለማጽናናት መስሏቸው ነበር።

ሚዛኗ ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣላትም። እኚህ ሰው ምጥ ሲይዛት ጤና ጣቢያ ያደረሷት ናቸው፤ አሁንም ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? ለሚጣ ብለው ነው ራሳቸውን ያዋረዱት። ታዲያ ልታመሰግን ነው? ምኑን? በየማለዳው ጎንበስ ብላ ያየችው ዜሮ ፊቷ ድቅን አለባት። ያ ሁሉ ሰው ተራ ይዞ፣ ያ ሁሉ ከረጢት መዳብ፣ ያ ሁሉ መሃላ! ለስንቱ ነው በእናቷ የማለችው? ልጇ ከሳች ተብላ አንድ ቀን ብታድር እንዲህ አንጀቷ ተቃጠለ፤ የእነሱ መዳብ ግን በየቀኑ ሲጎድል እሷ ትስቅ ነበር።

«ጋሼ» አለች ቀና ሳትል፣ «እኚያ ሽቦ የሚለቅሙት እማማ ልክ ነበሩ ማለት ነው።»

ጋሼ ሚዛኑን ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ «ይተዉት» አለቻቸው። ምን ልታደርጊው ነው ቢሏት እሷም አላወቀችውም። ወደ ሥራ ስትመለስ እማማን በምን ዓይኗ እንደምታያቸው፣ ምን ብላ አፏን እንደምትከፍት፣ ጨርሶ ትመለስ እንደሆነም አላወቀችውም። ጋሼ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ባልየው ጡጦውን አንስቶ የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት መሃል ቤት ቆመ። ሚጣ ግን የማንም ነገር ሳይገዳት ጉልጭ፣ ጉልጭ ታደርጋለች፤ እናቷም እያለቀሰች ትሰማታለች።