የኤሲው ፈቃድና የአማቴ ኩርፊያ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከማዘጋጃ ቤት እየተነጫነጨ ገባ። እዚሁ ቴፒ ለሠራት ቤት ኤሲ ሊያስገጥም ፈቃድ ቢጠይቅ፣ "መጀመሪያ ጎረቤትህን አስማማ" ብለውት ነው። "እማ፣ በገዛ ግድግዳዬ ጎረቤት ምን አገባው?" አለኝ። ሳቄ መጣ። ይህንኑ ቃል ከእሱ በፊት አያቱ ብለውታል።

ከሚዛን ወደ ቴፒ ስዳር ገና ልጅ ነበርኩ። የሚዛን ሰው ማታ ማታ ጋቢ ይደርባል። ቴፒ ግን የካቲት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጥል፣ ቡናውም ሳያብብ፣ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ራሱ ሥራ ነው። አማቴ እትዬ በለጡ ደግሞ ልባቸው ደካማ ነበር። ከሰዓት በኋላ መቃኑን ተደግፈው አየር ሲለምኑ ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ "ከሙቀት ጠብቋቸው፣ ልባቸው አይችለውም" አለን። ባለቤቴ ሾፌር ነበርና አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሳ ያገለገለ ኤሲ ገዝቶ መጣ።

ግድግዳ ለመብሳት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ማሽኑ ሙቀቱን የሚተፋው ወደ ጎረቤት ጓሮ ከሆነ ደግሞ፣ ጎረቤት የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ፊት ቆሞ "አልቃወምም" ማለት አለበት። የእኛ ግድግዳ የሚዋሰነው ከእትዬ ማርታ ጋር ነው። ጉድ ፈላ!

እትዬ ማርታ የሸኮ ሴት ናቸው፤ ጴንጤ፣ ጨዋታ አዋቂ። ከአማቴ ጋር ጎደሬና ድፎ ዳቦ ሲለዋወጡ ኖረው በዶሮ ተኳረፉ። የእትዬ ማርታ ዶሮ የአማቴን የተሰጣ በርበሬ በተነችው። አማቴ "ዶሮዋም እንደ ባለቤቷ ሥርዓት የላትም" አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያነጥሱ እንኳ "ይማርሽ" አልተባባሉም።

"በገዛ ግድግዳዬ!" አሉ አማቴ ሕጉን ሲሰሙ። "ሙቀቱ ይድፋኝ እንጂ እሷን አልለምንም!"

"እማማ፣ እኔ ልለምንልዎ?"

"ደጇን ብትረግጪ አንቺና እኔ አንተዋወቅም!"

እኔም ደጃቸውን አልረገጥኩም። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ባለሙያውን "እትዬ ማርታን አንተው ጥራቸው" አልኩት። ብልጥ ነበርኩ!

ባለሙያው ልጅ እግር ነው፤ በማግስቱ ሜትሩን ይዞ መጣ። እትዬ ማርታም መጥተው ግድግዳው አጠገብ ቆሙ። አማቴ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ጀርባ ሰጧቸው፤ ትንፋሻቸው ግን ሲር ሲር ሲል ለሁላችንም ይሰማል። እምቢ ካሉ አለቀልን አልኩ በሆዴ።

"እናቴ፣ ይሄ ማሽን ከዚህ ቤት የሚወጣውን ሙቅ አየር ወደ እርስዎ ጓሮ ይልካል። ይቃወማሉ?" አለ ባለሙያው።

እትዬ ማርታ የአማቴን ጀርባ ትኩር ብለው አዩ።

"በለጡ፣ እንዲህ አሞሻል እንዴ?" አሉ። "ለእኔ ማን ነገረኝ?"

አማቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

"አልቃወምም ብለህ ጻፍ ልጄ" አሉ እትዬ ማርታ። "ሁለት ዓመት ቃሏን ነፈገችኝ። ትንፋሿ እንኳ ይምጣልኝ።"

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። "ማርታዬ፣ ያቺ ዶሮ..." ማለት ሲጀምሩ፣ እትዬ ማርታ "ተበላች እኮ! ያንቺ በርበሬ ነበር የጎደላት" ብለው አቀፏቸው። ባለሙያው ሜትሩን እንደ ዘረጋ ቀረ። እኔም እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ!

ኤሲው ተገጠመ። እውነቱን ለመናገር፣ መብራት እየጠፋ ከሠራበት ያልሠራበት ይበልጣል። በጠፋ ቁጥር ግን እትዬ ማርታ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ይዘው ይመጡና አማቴን በካርቶን ቁራጭ ያራግቧቸው ነበር። አማቴ ያንን በጋ ተሻገሩ፤ የሚቀጥለውን አልተሻገሩም። ሲያርፉ እጃቸው በእትዬ ማርታ እጅ ውስጥ ነበር። ያ ሕግ ባይኖር ተኳርፈው ይለያዩ ነበር። ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል።

ለልጄ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ የዛሬ ልጅ ረጅም ወሬ አይወድም። ለጎረቤቱ ስልክ ሊደውል ሲል ብቻ "በእግርህ ሂድ" አልኩት። እያጉረመረመ ሄደ። ምሳ አቅርቤ ብጠብቅ ብጠብቅ ልጄ የለም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ጨዋታ ይዟል። ወጡ ቀዘቀዘ። ይቀዝቅዝ፤ ወጥ እንደገና ይሞቃል።