የራሕመት ድምፅ፣ የእኔም ድምፅ

ከኮልፌ የወጣሁት በቀትር ነው። ሌላው ሰው ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ በሌሊት ነው፤ ዘመድ በሚኒባስ ተጭኖ፣ ተለቅሶለት፣ ተሳስሞ። እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በጠራራ ፀሐይ በእግሬ ወረድኩ። ወንድሜ ተሾመ "ሥራ አለብኝ" አለ። ክፍሌን መቼ እንደምለቅለት ለመጠየቅ ግን በጠዋት ጊዜ አግኝቶ ነበር። የሸኘችኝ ጎረቤታችን እትዬ ሩቂያ ብቻ ናት። አንድ ከረጢት የቡላ ዱቄት አሸክማኝ፣ የስድስት ዓመት ልጇን ራሕመትን በእጇ ይዛ እስከ ፌርማታው መጣች። ልጅቷ የቦርሳዬን ማንገቻ ይዛ አልለቅም አለች። "ልቀቂያት" አለቻት እናቷ። "አንቺ ተምረሽ ስትጨርሺ እሷም ትመለሳለች።" ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ቀሪውን ስታነቡ እንዳትረሱት ነው።

ቤሩት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። በሰው ቤት እንዴት እንደሚኖር አልዘረዝርም። እዚያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ያላችሁ ደግሞ ብነግራችሁም "ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ?" ነው የምትሉት። አንዲት አሮጊት ሳጥብና ሳገላብጥ ኖሬ፣ አሮጊቷ ሲሞቱ አሠሪዬ ማዳም ቤቱን ዘግታ ላከችኝ። ለመሰናበቻ የልጇን አሮጌ ላፕቶፕ ሰጠችኝ። "እኛን እንድታስታውሺበት" አለች። እነሱን ለማስታወስ ላፕቶፕ አያስፈልገኝም፤ ጉልበቴ ይበቃኛል። የተቀበልኩት፣ ስልኬ በተሰበረ ጊዜ በውስጡ የነበረውን ሁሉ ልጇ ወደዚያ ገልብጦልኝ ስለነበር ነው።

ስለ መሄድ ብዙ ተጽፏል። መመለስም ስደት መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም። ቤሩት እያለሁ ጎመን በቆጮ በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር። አሁን ቆጮው ፊቴ ቀርቦ፣ ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተቀባ ትኩስ ማንኡሼ ነው የሚሸተኝ። ያን ዳቦ ማዳም ራሷ በልታ የተረፋትን ነበር የምትሰጠኝ፤ ሆኖም ናፈቀኝ። ባሕሩን የማየው ከባልኮን ብቻ ነበር፣ ሽንኩርት እየላጥኩ። አሁን መስኮቴን ስከፍት የማየው የአከራዬን የጋሽ ሸምሱን የውኃ ታንከር ነው።

ጋሽ ሸምሱ ክፍሉን ሲያሳየኝ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ከዓረብ አገር ነው የመጣሽው አሉ። ታዲያ ምነው አንድ ክፍል?"

"ሁለት ክፍል የሚሞላ ዕቃ የለኝም።"

"ወርቁስ?"

"ጥርሴ ላይ ነው" ብዬ አፌን ከፍቼ የጎደሉትን አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ ወርቅ አንስቶ አያውቅም።

ወረዳ ሄጄ መታወቂያ ስጠይቅ ደግሞ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ሳይል "መሸኛ" አለኝ።

"ከየት?"

"በመጨረሻ ከኖሩበት ወረዳ።"

"የኖርኩት ቤሩት ነው።"

"እንግዲያው ከዚያ ያምጡ።"

"ወንድሜ፣ እዚያ ወረዳዬ ማዳሜ ነበረች። የሰጠችኝ መሸኛ የአውሮፕላን ትኬት ነው።"

"ማኅተም አለው?" አለኝ። የእውነቱን ነበር።

አሁን ወደ ራሕመት ልምጣ። ለዚህ ሁሉ ወሬ መነሻው እሷ ናት።

ራሕመት በሃያ ዓመቷ ቤሩት መጣች። እኔ ካለሁበት ሁለት መንደር አልፎ ካለ ቤት ገባች። በሁለተኛው ዓመት ሳንባዋን ታመመች፤ ሐኪም ቤት ስትገባ ጊዜው አልፎ ነበር። እዚያው ተቀበረች። እትዬ ሩቂያ መርዶውን ስትሰማ ለኮልፌ ሁሉ "ልጄን ጠርታ የወሰደችብኝ የሺ ናት" አለች። የሺ እኔ ነኝ።

ከተመለስኩ በሳምንቱ፣ እትዬ ሩቂያ አስኮ ወንድ ልጇ ቤት መግባቷን ሰምቼ ለለቅሶ ሄድኩ። በሩን በግማሽ ከፍታ ቆመች። ሰው እየሰማ "ልጄን ወስደሽ ባዶ እጅሽን መጣሽ?" አለችኝ።

"እኔ አልጠራኋትም። በራሷ እግር ነው የመጣችው።"

"ማስረጃ አለሽ?"

"አለኝ" አልኩ።

ነበረኝም። ራሕመት ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆና ለእናቷ የተናገረችውን በድምፅ ልካልኝ ነበር። እትዬ ሩቂያ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ እንዲህ ያለ መልእክት አይቀበልም፤ እኔ ተመልሼ እንዳሰማት ነበር አደራው። ድምፁ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ከአስኮ ተመልሼ ከፈትኩት። ጥቁር ሆኖ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ አወጣና ዝም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የኮልፌ ሴቶች በገበያ ሲያዩኝ አንገታቸውን እያዞሩ፣ ማስረጃዬን አልጋዬ ሥር አድርጌ ተኛሁበት።

በመጨረሻ አየር ጤና አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ከፍቶ አየው።

"እናቴ፣ ይሄ ሞቷል። አዲስ ሃርድ ዲስክ ላስገባልሽ?"

"ውስጡ ያለውስ?"

"እሱማ ሄዷል።"

"ወዴት?"

ሳቀ። በአገጩ ወደ ላይ ጠቆመ። "ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ የሊኑክስ ማኅበር ሰዎች አሉ። እነሱን ሞክሪ። እብዶች ናቸው፤ በነፃ ነው የሚሠሩት።"

በነፃ የሚባል ነገር አውቃለሁ። ቤሩት የሰደደኝ ደላላም አፉን የፈታው በዚያ ቃል ነው። ቢሆንም ቅዳሜ አንድ ድፎ ዳቦ ይዤ ወጣሁ፤ ማኅበር ባዶ እጅ አይገባም። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት ሰዎች። የሚመሩት መምህር ዳኜ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። አጠገባቸው ነጂባ አለች፤ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ የልጆች እናት፣ ቁጥብ ሴት። ዳቦውን አይተው ተያዩ፤ ግን ቆረሱት።

"ችግሩ ምንድን ነው እትዬ?" አሉኝ መምህር ዳኜ።

"ምንም አይል፤ ደህና ነው።"

"ደህና ከሆነማ ምን አመጣዎት?"

እኔ ያደግኩት እንደዚያ ነው። ቤቱ እየተቃጠለም "ደህና ነን፣ ይመስገን" ይባላል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሥራቸው ሁሉ መጠየቅ ነው፤ መቼ ቆመ፣ ምን ጽፎ ቆመ፣ ከዚያ በፊት ምን ተነካ። ፖሊስ እንኳ እንዲህ አልጠየቀኝም።

ሊኑክስ ምን እንደሆነ እኔም ጠየቅኋቸው። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው፤ ባለቤት የለውም፣ የቻለ ያስተካክለዋል፣ የፈለገ ይጠቀምበታል አሉኝ።

"ባለቤት ከሌለው እስካሁን እንዴት ሳይታጠር ቀረ?" አልኩ። መምህር ዳኜ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም። ወንድሜ የእናቴን ጓሮ እንዴት እንዳጠረ አይቻለሁ።

ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛ፣ የታመመው ዲስክ አይነካም። መጀመሪያ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጥና ሥራው በግልባጩ ላይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሚጽፈው ባለቤቱ ነው። "እኛ እንነግርዎታለን፤ ጣቱ የእርስዎ ነው" አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የታዘዝኩትን ስሠራ ኖሬ፣ እዚህም ያዙኝ ጀመር ብዬ አኮረፍኩ። ግን ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ጻፍኩ። ግልበጣው ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ነጂባ "አይጨነቁ፣ ካቆመበት ይቀጥላል" አለችኝ። እውነትም ቀጠለ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከግልባጩ ውስጥ ፋይሎቹን አወጣን። ፎቶው፣ ድምፁ፣ ሁሉም ወጣ። ግን ስም የለውም። ማን እንደላከው፣ መቼ እንደሆነ ጠፍቷል፤ ቁጥር ብቻ። ድምፁ ብቻውን ከሺህ በላይ ነበር።

"አንድ በአንድ መስማት ነው" አሉ መምህር ዳኜ። "ብቻዎን ከሆነ ወራት ይፈጅብዎታል። ከረዳንዎት ዛሬና የሚመጣው ቅዳሜ ይበቃል። ግን የምንፈልገውን ይንገሩን።"

"የሴት ድምፅ ነው።"

"የማን?"

"የአንዲት ልጅ።"

"ምን ትላለች?"

ነጂባ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። "እትዬ፣ ሳናውቀው ብናልፈውስ?" አለችኝ። እሱን አላሰብኩትም ነበር። ስለዚህ ነገርኳቸው። ልጅቷ መሞቷን፣ እናቷ ስሜን ማጥፋቷን፣ ራሕመት ግን በራሴ መጣሁ ማለቷን። ግማሹን ነገርኳቸው ማለት ነው። ለአምስት ተካፈልነው፤ እያንዳንዳችን ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን ተቀመጥን።

በአራተኛው ቅዳሜ ነጂባ ማዳመጫዋን አወለቀች። ወደ እኔ መጥታ ማዳመጫውን አቀበለችኝና ዝቅ ባለ ድምፅ "ይሄ የእርስዎ ድምፅ መሰለኝ" አለችኝ።

ነበር። "ራሕመቴ፣ ነይ እንጂ፤ ብቻዬን ሞትኩ። ሥራው ቀላል ነው። ባሕሩ በረንዳችን ሥር ነው። ለእናትሽ አሁን አትንገሪያት፤ ደርሰሽ ትደውዪላታለሽ።"

ይህን አጥፍቼው ነበር። ላፕቶፑ በተሰጠኝ ዕለት፣ ከመሳፈሬ በፊት፣ በእጄ። መምህር ዳኜን "የጠፋም ይመለሳል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "መዝገቡ ላይ ነው የሚሰረዘው" አሉኝ። "ዕቃው መደርደሪያው ላይ ይቆያል፤ ሌላ ነገር እስኪቀመጥበት።" እነሱ ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ላፕቶፑን ይዤ አልመጣም ነበር። ያን መልእክት በላክሁበት ሰሞን ለወር ያህል በአማርኛ ያነጋገረኝ ሰው እንዳልነበረ ይታወቅልኝ። ምክንያት ነው። ይቅርታ ግን አያሰጠኝም፤ ይህን የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም።

ከዚያ የራሕመት ተገኘ። "እማ፣ እትዬ የሺ አልጠራችኝም። እኔው ነኝ የመጣሁት። እንዳትጣሉ።" ስትናገር ታስላለች። ማስረጃዬ ይኸው ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ግን ሌላ ነበር፤ ለእኔ ብቻ የላከችው። እሱንም አጥፍቼው ነበር። "እትዬ የሺ፣ ለእማ እንዲህ ብያለሁ። ያልሽኝን የምናውቀው ሁለታችን ነን። በቃ አታልቅሺ።"

መምህር ዳኜ ፍላሽ ሰክተው ወንበሩን ለቀቁልኝ። "ወደ ፍላሹ የሚገለበጠውን ይጻፉ። አንዱን ብቻ ከሆነ ቁጥሩን፤ ሁሉንም ከሆነ አንድ ኮከብ።" ነጂባ ወደ መስኮቱ ዞረች። አንድ ቁጥር ጻፍኩ። ለእናትየው የተላከውን።

ፍላሹን በመሐረቤ ቋጥሬ ወረድኩና ወደ አስኮ የሚያደርሰኝን ታክሲ ለመያዝ ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ ስድስት ሰው ነበር። ሚኒባሱ መጣ፤ ረዳቱ "ግቢ እናት፣ አንድ ሰው!" አለኝ። ከኋላዬ ያለውን አሳለፍኩ። ያቺ ሴት በዚያ ቀትር የሸኘችኝ ብቸኛ ሰው ነበረች። ተመልሼ ደረጃውን ወጣሁ።

"ረሱ?" አለችኝ ነጂባ።

"ረሳሁ" አልኳት። ተቀምጬ ኮከቡን ጻፍኩ።

ላፕቶፑ አሁን ይሠራል። ከሌላ ማሽን የተረፈ ዲስክ አስገብተው ሊኑክስ ጫኑልኝ፤ ይህን የምጽፈው በእሱ ነው። "ክፍያው?" ስላቸው "ሌላ ሰው ሲመጣ አጠገቡ ይቀመጣሉ" አሉኝ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ወደ አስኮ ደወልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስታነሳልኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ማነው?"

"የሺ ነኝ።"

"ማስረጃሽን አገኘሽ?" አለችኝ።

"አገኘሁ። የራሕመት ድምፅ አለ።" "የእኔም አለበት።"

"አንቺ ደግሞ ምን ትያለሽ?"

"ነይ እላለሁ" አልኳት። "ለእናትሽ አትንገሪ እላለሁ።"

ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዘጋችም። ድምፅዋ ያ እስከ ፌርማታው የሸኘኝ ድምፅ ሆኖ፣ "ታስላለች?" አለችኝ።

"ታስላለች።"

"ሁልጊዜ በክረምት ያስላት ነበር።"

ነይ አላለችኝም። አትምጪም አላለችኝም። "የእኔ ስልክ እንዲህ ያለውን አያሰማም" አለች። "ማሰሚያውን የያዝሽው አንቺ ነሽ።" ከዚያ ዘጋችው።

ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ። ለጊዜው መብራት አለ።