ያልደረሰው ጠመኔ

ዊን ቻፐል በእንግሊዝ አገር የሶመርሴት አውራጃ ሴቶች የቦውልስ ቡድን አለቃችን ነበረች፤ ቦውልስ ኳስ በሳር ላይ እያንከባለሉ ወደ አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ የማስጠጋት ጨዋታ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤት የሚጠብቃት አንድ ያረጀ ውሻ ብቻ ነው። በጋውን ከእኛ ጋር በአውቶቡስ ከአውራጃ አውራጃ እየዞረች ባትጫወት ምን ይውጣት እንደነበር እንጃ። ታዲያ ያን ዓመት ቀኝ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። መወርወሩ ይሳካላታል፤ እስከ መሬት ዝቅ ማለት ነው ያቃታት። ለቡድኑ ተጫዋች የሚመርጡት ሴቶች ካወቁ እንደሚያስወጧት ስለገባት፣ ባነከሰች ቁጥር "አዲስ ጫማ ነው፣ ጠቦኝ ነው" ትላለች። ያን ጫማ እኔ ባሏ በሕይወት እያለ ነው የማውቀው።

ከጎረቤታችን አውራጃ ከዴቨን ጋር በእነሱ ሜዳ የተጋጠምነው ዝናቡ እንዳባራ ነው። ያሸነፈ ለፍጻሜ ያልፋል። ጎን ለጎን የተጫወትንባቸው የሁሉም መስመሮች ነጥብ ተደምሮ እኩል ለእኩል ስለሆንን ነገሩ ሁሉ እኔ፣ ዊንና ሞይራ በነበርንበት መስመር የመጨረሻ ዙር ላይ ወደቀ። ትንሿን ነጭ ኳስ ይበልጥ የተጠጋ ያሸንፋል። መጀመሪያ የወረወረችው የእኛዋ ሞይራ ናት፤ ኳሷ እየተንከባለለች ሄዳ ነጯን ነካቻት። እንዲህ የነካች ኳስ ወዲያው በጠመኔ ምልክት ይደረግባታል። ምልክት ካላት ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ብትገባም ትቆጠራለች፤ ከሌላት ግን ሞተች ማለት ነው። ምልክት ማድረጉ የዊን ድርሻ ነበር። ጠመኔዋን ይዛ ጎንበስ ብላ ቀና አለች።

ሌሎቻችን ተራ በተራ ወረወርን። በመጨረሻ የዴቨን አለቃ ኳሷን በኃይል ለቀቀቻት፤ ነጯንም የሞይራንም ጠራርጋ ጎን ለጎን ቦይ ውስጥ ከተተቻቸው።

ሄደን ስናይ የሞይራ ኳስ ላይ ጠመኔ የለም።

"ሳሩ እርጥብ አይደል፣ ተጠርጎ ነው" አለች የዴቨኗ አለቃ ሲልቪያ። "ዊን ጎንበስ ስትል በዓይኔ አይቻለሁ። በሉ ውሰዱት፣ የናንተ ነው።"

ጮቤ ረገጥን። ሞይራ ባርኔጣዋን ወደ ላይ ወረወረችው።

"አልቀባኋትም" አለች ዊን።

"ምን አልሽ?" አለቻት ሞይራ።

"ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። እጄን ሰደድኩ እንጂ ጠመኔው አልደረሰም።"

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት አፏን በመርፌ ብሰፋው ደስታዬ ነበር። ሲልቪያም ነጥቡንም ጨዋታውንም ለራሷ ቡድን ያዘች። ከመራጮቹ አንዷ አጥሩ ጋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ ሻይ ቀረበ። ዴቨኖች እንደ ልማዳቸው ትንንሾቹ ዳቦዎች ላይ ክሬሙን ከማርማላታው በታች ቀብተው አቀረቡልን፤ ሌላ ጊዜ በዚህ እንቀልድባቸው ነበር፣ ያን ቀን ግን የቀለደባቸው አልነበረም።

አውቶቡስ ውስጥ ሞይራ ኳሷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከዊን ጎን ተቀመጠች።

"ብትጠሪኝ መጥቼ እኔው እቀባት አልነበር?"

"ብጠራሽማ ታውቁብኝ ነበር።"

"ዊንዬ፣ ሁላችንም እኮ ከግንቦት ጀምሮ እናውቃለን።"

ዊን ዞር ብላ አንድ በአንድ አየችን።

"ታዲያ ጠመኔውን ለምን ከእጄ አልወሰዳችሁም?" አለች።