ሰርጌይ የፈለገው ሣጥን

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት ወለል ላጥብ ነው። ሱቁ ሃዳር እሚባል ሰፈር፣ ከደረጃው ሥር ነው፤ አሮጌ ሳንቲም ይሸጣል። ባለቤቱ ያኮቭ እሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ወለሉን ጨርሼ ስዞር አንድ ትሪ ሙሉ ጠገራ ብር አየሁ፤ ጠቋቁሯል። አዘንኩላቸው። በሎሚና በጨው ፈትጌ መስተዋት አስመሰልኩት።

ያኮቭ ገብተው ሲያዩ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ለካ ጥቁረቱ ነው ዋጋው፤ ሰብሳቢ የታጠበ ብር አይገዛም። እድፍ በውድ እሚገዙበት አገር መጣሁ አልኩ በልቤ። እምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ እዚህ ላይ እየሳቀች ነው።

ሊያባርሩኝ ሲሉ ከትሪው አንዷን አንስቼ፣ ይቺ ግን ብትታጠብም ባትታጠብም ሐሰት ናት አልኳቸው። አባቴ ጎንደር ብር አንጥረኛ ነበር። ጠገራን በጣት ጫፍ ይዘው በሌላ ብር መታ ሲያደርጉት፣ እውነተኛው ይጮሃል፣ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም። ሐሰቱ ጠጥ ብሎ ይቀራል። ያኮቭ በሚዛን አዩት፤ እንዳልኩት ሆነ። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ያዘው፣ እኔ ፈታሽ ሆንኩ። ሕጉ አንድ ነው፤ እኔ ሳልሰማው ጠገራ ከሱቅ አይወጣም።

ሳንቲም እሚመረምሩ ድርጅቶች አሉ። አይተው ነጥብ ይሰጡታል፣ በፕላስቲክ ሣጥን ያሽጉታል፣ ወረቀት ይለጥፉበታል። ዓለም ሁሉ እሚያውቃቸው አሉ። ማንም እማያውቃቸው ደግሞ አሉ፤ ያኮቭ እንደሚሉት ባልና ሚስት ማድ ቤት ቁጭ ብለው እሚያሽጉ።

ሰርጌይ እሚባል ደንበኛ ነበረን፤ ክርያት ያም፣ ባሕሩ አጠገብ እሚኖር፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጣ። እሱ እሚሰበስበው የነዚህን የማይታወቁትን ብቻ ነው። አንድ የተዘጋ ድርጅት ያሸገውን ጠገራ ስንት ዘመን ሲፈልግ ኖሮ፣ ያኮቭ አገኙለት። ሐሙስ መጥቶ ሊወስድ ተቀጣጠሩ።

ረቡዕ ያኮቭ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሣጥኑ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ሕጉ ሕግ ነው፤ ግን ታሽጎ እንዴት ይሰማል? ቢላ አስገብቼ በጎኑ ከፈልኩት። ብሩን መታ ባደርገው ጠጥ። ደስ አለኝ፣ ሰውየውን ከሌባ አዳንኩት ብዬ። ያኮቭ ሲመለሱ በኩራት አሳየኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ይታይሽ፣ ሐሰት መሆኑንማ ያውቃል። ሰውየው እሚፈልገው ሣጥኑን ነው።"

ደውለው ነገሩት። ሰርጌይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋው። ያኮቭም ከሱ ካልታረቅሽ እሁድ አትምጪ ብለው ቁርጡን ነገሩኝ፤ እዚህ አገር የሥራ ሳምንት እሚጀምረው እሁድ ነው። ጆሮዬን እሚፈልግ ሌላ ሱቅ የት አገኛለሁ?

እኔ እማውቀው እርቅ አንድ ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ የተበደለው ደጅ ይቆማል፤ ምሬሃለሁ እስኪባል አያወርድም። ክርያት ያም አሸዋ ብቻ ነው ብዬ ድንጋዩን ከሃዳር ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ምንድነው ሲለኝ የይቅርታ ነው አልኩት። ቤሰደር አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። ለድንጋዩ አላስከፈለኝም።

ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለው። አንኳኩቼ፣ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ሰርጌይ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ደግሞ ምን ልትሰብሪ መጣሽ?"

ማረኝ ልልህ ነው አልኩት። ወንበር አመጣ፤ አልቀመጥም አልኩ። ውሃ አመጣ፤ አልጠጣም አልኩ። ሚስቱ ወጥታ በሩሲያኛ ተቆጣችው፤ ቁጣ መቼም አስተርጓሚ አይፈልግም።

"አውርጂው፣ ወገብሽ ይሰበራል" አለኝ።

"መጀመሪያ ማረኝ።"

"እሺ፣ ምሬሻለሁ!"

አውርጄ ገባሁ። ቁምሳጥኑን ከፈተልኝ፤ ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርድሯል። ሐሰቱ ምን ያደርግልሃል ስለው፣ "እውነተኛውን ሁሉም ያስቀምጠዋል" አለኝ። "እነዚህን፣ አጥብቀው አሽገው የተሳሳቱትን፣ ከኔ በቀር ማን ያስታውሳቸዋል?" የሰነጠቅኩትን ሣጥን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። በሙጫ አጣበቀው፤ ስንጥቁን ወደ ፊት አዙሮ አስቀመጠው።

እሁድ ሥራ ገባሁ።

እኔ ብሩን እፈትሻለሁ፣ ደንበኛው የፈለገው ሣጥኑን ነበር። ሥራችሁን አብጥራችሁ ብታውቁም፣ የሰው ዕቃ ከመክፈታችሁ በፊት ምኑን እንደሚወደው ጠይቁት።